ከአሥራ ስምንተኛው ፎቅ የሚታየው ሚካኤል

የሕንጻ ቁመት ከመሬት ወደ ላይ ይለካል ይላሉ። አይለካም። የሕንጻ ቁመት የሚለካው ከላይ ወደ ታች ነው፤ መለኪያውም ሜትር ሳይሆን የአንዲት አሮጊት ጉልበት ነው።

ለንደን ውስጥ ስለ ረጃጅም ሕንጻዎች የማያወራ የለም። ጎብኚው ተሰልፎ፣ ከፍሎ ሻርድ አናት ላይ ይወጣል፤ ደመና ካልጋረደው ፎቶ ያነሣል፤ ይወርዳል። ነዋሪው ደግሞ ለሕንጻዎቹ የጓዳ ስም አውጥቶላቸዋል። አንዱን ኪያር፣ ሌላውን የአይብ መፈቅፈቂያ ይለዋል፤ የሚያስፈራን ነገር በወጥ ቤት ስም ሲጠሩት የቀለለ ይመስላል። የተማሩት በበኩላቸው ስለ መስተዋቱና ስለ ብረቱ ወፋፍራም መጻሕፍት ይጽፋሉ። ብዙዎቹን አንብቤአለሁ። ሊፍት ስለሚበላሽበት ቀን የሚናገር ምዕራፍ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው የካቲት አንዲት የታመሙ ሴት ልጠይቅ ቶተንሃም ሄድኩ። ያደግሁበት ሕንጻ አልነበረም፤ ወንድሙ ግን ነው፤ በአንድ ዘመን ከአንድ ዓይነት ግራጫ ሲሚንቶ የተሠራ። የሊፍቱ በር ሲከፈት ሽታው ወጣ። በረኪና፣ ከበረኪናው ሥር ሽንት፣ ከሁለቱም ሥር የጋለ ላስቲክ። አርባዎቹን ያጋመስኩ ሴት ሆኜ ገባሁ፤ በሩ ሲዘጋ ዘጠኝ ዓመቴ ሆነ።

ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ እማማ የሺ እኛ ዘንድ የመጡ ጊዜ ነው። የእናቴ አክስት ናቸው። እናቴን ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሷም በተራዋ ልጡርዎት ብላ አስመጣቻቸው። የምንኖረው አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ብርድ ነበር። አባቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዟቸው ሲመጣ፣ በአንድ እጃቸው የሱን ክንድ፣ በሌላው በነጭ አቡጀዴ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። ሊፍቱ ውስጥ ሲገቡ አማተቡ፤ ሲወጡም አማተቡ። ቤት እንደገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ከጣሪያዎቹ ሁሉ ማዶ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ሕንጻ ብቻውን ቆሟል። አናቱ ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። በአገሩ ካሉት ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር፤ ካናሪ ዋርፍ በሚባለው የቀድሞ ወደብ ላይ ገና መሠራቱ ነው። ዛሬ ጎረቤት በዝቶበት ከሩቅ መለየት ያስቸግራል፤ ያኔ ግን ሰማዩን ለብቻው ይዞት ነበር። የእማማ የሺ ዓይን ደከም ያለ ስለሆነ ያዩት ቅርጹንና ብርሃኑን ብቻ ነው። ነጠላቸውን አጣፉና ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ።

"የማን ታቦት ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ሻንጣውን አየ።

"ዛሬ አሥራ ሁለት አይደል፤ ሚካኤል ነዋ" አሉ ራሳቸው። "ይኸው ቀድሞኝ መጥቶ።"

ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ ከመስኮቱ ፊት ቆመው ይሳለሙታል። እኔ አላፌዝኩም። በክፍላችን አስተማሪዋ የዚያን ሕንጻ ሥዕል አሥላናለች፤ በአገሩ ካለው ሁሉ ረጅሙ ነው፣ ባንኮች ይገቡበታል ብላናለች። እናቴ ደግሞ አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ትለኝ ነበር። ሁለቱ ነገር በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ተስማምተው ተቀመጡ። ከረቫት ያሰሩ ሰዎች በየጠዋቱ በባቡር ተጨናንቀው የሚሄዱት ለቅዳሴ ነው፤ እማማ ሲሰግዱ መብራቱ የሚበራው ደግሞ መልስ ሲሰጣቸው ነው። እማማ ሳይሰግዱ ሲቀሩም ይበራ እንደነበር አስተውያለሁ፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ዛሬ በትልልቅ ሰዎች ክርክር ውስጥ ከዚህ የባሰ ማስረጃ ሲቀርብ እሰማለሁ።

በአቡጀዴ የተጠቀለለው ነገር ከበሩ ኋላ፣ ከኮት መስቀያው ሥር ቆመ። ጠመንጃ መስሎኝ ነበር። እማማ የሺ መስፍን የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ወታደር ሆኖ ከዘመተ ወዲህ ለዓመታት ድምፁ አልተሰማም። የሱን ጠመንጃ እያስቀመጡለት ነው ብዬ ስላመንኩ በጫፉ በኩል አላልፍም፤ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በግድግዳው ተለጥፌ ነው።

አንድ ቀን አቧራውን ሊያራግፉ ፈቱት። ዣንጥላ ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ዣንጥላ። መስፍን በሕይወት ከተመለሰ ለሚካኤል ሊያስገቡት ተስለዋል። ልጁ ሳይገኝ ዣንጥላውን ለምን እንደገዙ እናቴ ስትጠይቃቸው፣ እዚህ አገር ፈልጌ ከማጣው ብዬ ነው አሏት። ልጁ እንደሚመጣ አልተጠራጠሩም፤ የተጠራጠሩት የለንደንን ሱቆች ነው።

አባቴ አገር ቤት ምሕንድስና የተማረ ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። የመስኮቱ ስግደት ከነከነው። እማማ ወደ መኝታቸው ሲገቡ እናቴን በቀስታ ይሞግታታል። ፀሐይ እንኳ በዚያ በኩል እንደማትወጣ፣ ሕንጻው የሚገኘው በደቡብ እንደሆነ ነገራት። እሷም ቤተ ክርስቲያንን በየትም በኩል ቢሆን ይሳለሙታል ብላ መለሰችለት።

"ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አይደል! እትዬ እኮ ለቢሮ እየሰገዱ ነው።"

"ለቢሮ የሚሰግዱት እሳቸው ብቻ ናቸው?" አለችው። "አንተ በሌሊት ተነሥተህ የምትሮጠው ለማን ነው?"

ነገሩ በዚያው ቀረ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እማማ የሺ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ብቻቸውን ነው የሚውሉት፤ ሊፍቱ አንድ ጊዜ መካከል ላይ ይዟቸው ስለቆመ ያለ ሰው አይወርዱም፤ የሚያወርዳቸው ሰው ደግሞ የለም። መስኮቱ ደስ ካሰኛቸው ምን ጎዳን ትላለች። እኔ እማማ የማይወርዱት ከተማውን ንቀውት ይመስለኝ ነበር። ከላይ ሆነው ዝቅ አድርገው ሲያዩት ንግሥት ይመስሉ ነበርና።

እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም ማለት አይደለም። የእኛ ሰዎች እሁድ እሁድ አንድ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይከራዩ ነበር። እማማ እንደመጡ ሰሞን በሰው መኪና በጓሮ በር አስገባናቸው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ጥግ ላይ የታጠፈ የቴኒስ ጠረጴዛ ቆሟል። ተቀምጠው አስቀደሱ፤ ሲወጡ ግን፣ ጸሎቱ ጸሎት ነው፣ ቤቱ አዳራሽ ነው አሉ። የእሳቸው ሚካኤል ከመስኮቱ ማዶ ከሰማይ ጋር ሲነጋገር እያዩት፣ የቴኒስ ጠረጴዛ ያለበት ቤት ስዕለታቸውን ሊያስገቡ አልፈለጉም።

በዚያ ዓመት አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ፤ ሠራዊቱ ተበተነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው፤ መስፍን ነው። ተጎድቶ፣ ከስቶ፣ በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ገብቷል። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ከበታቻችን ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን መታ። እማማ የሺ አላለቀሱም። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠሩት፤ ሦስት ጊዜም አቤት አላቸው። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ሰጧትና ዣንጥላውን ከበሩ ኋላ አወጡ።

"ነገ ውሰዱኝ" አሉ።

ነገ አልሆነም። እናቴ ሥራ አለ አለች፤ ዝናብ ነው አለች፤ ባቡሩ ተበላሽቷል አለች። እማማ ዣንጥላውን ከአልጋቸው ራስጌ አቁመው ምግብ መቀነስ ጀመሩ። ልጃቸው ተመልሶ ስዕለቱ አለመግባቱ እንቅልፍ ነሳቸው፤ የተሰጠኝን መልሶ ይወስድብኛል ብለው ፈሩ። በመጨረሻ እናቴ አንድ ዘዴ አሰበች። እንሄዳለን፤ በሩ ላይ ስንደርስ ዛሬ ዝግ ነው፣ ቄሱም የሉም እላቸዋለሁ፤ ሩቅ መሆኑን ካዩ ይተዉታል።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስታችን ሄድን። ሾፌር የሌለው ባቡር ነው የሚወስደው፤ እማማ ይህን ሲሰሙ አልተገረሙም፤ ወደ ሚካኤል የሚሄድ ባቡር ምን ሾፌር ያስፈልገዋል። ስንወርድ ሕንጻው ከአናታችን በላይ ጠፋ። ከሩቅ የማውቀው ሾጣጣ ጫፍ ከሥሩ ሆኜ አይታየኝም፤ መስተዋትና ብረት ብቻ ነው። እማማ ከሚሽከረከረው በር ፊት ጫማቸውን አወለቁ። ዣንጥላውን ከአቡጀዴው ፈቱ። የበሩን መቃን ሊሳለሙ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ብለው ግራና ቀኛቸውን ማየት ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ሰዎቹ ወረቀትና ቡና ይዘው በአጠገባቸው ይሮጣሉ።

"ነዳያኑ የታሉ?" አሉ።

እናቴ ዝግ ነው ልትል ያዘጋጀችው ቃል አፏ ውስጥ ቀረ። ስለ ነዳያን አላሰበችም። ደጁ ላይ እጁን የሚዘረጋ አንድ ሰው የለም፤ ዓይነ ስውር የለም፤ ልጅ የታቀፈች ሴት የለችም። ወለሉ እንደ መስተዋት ታጥቧል።

"ነዳይ የሌለበት የሚካኤል ደጅ አይቼ አላውቅም" አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። "ይህ ምንድን ነው?"

እኔ መልሱን ከክፍል ስለማውቅ ነገርኳቸው። "ባንክ ነው፣ እማማ።" ባንክም ሚካኤልም ሊሆን እንደማይችል ያወቅሁት ፊታቸውን ሳይ ነው።

"ልጅቷ ታውቃለች" አሉ ወደ እናቴ ዞረው። "አንቺም ታውቂያለሽ። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ለማን ነው ስሰግድ የከረምኩት?"

"ደስ ሲልዎት ስናይ ነው ዝም ያልነው፣ እትዬ። ደስታዎን መንጠቅ ከበደን።"

"ደስታ ማን ጠየቀሽ? እኔ የጠየቅሁት ሚካኤልን ነው።"

አንድ አፍሪካዊ ዘበኛ፣ ጠና ያለ ሰው፣ ከውስጥ ወጣ። ማንን ፈልገን እንደመጣን እናቴን ጠየቃት። ባዶ እግራቸውን አየ፤ ዣንጥላውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አነሣና በእግራቸው ፊት አስተካክሎ አኖረላቸው። አላባረረንም። በዚያ ቀን በዚያ ደጅ ላይ ማንም ሰው ያደረገው ብቸኛ ክርስቲያናዊ ነገር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ እማማ የሺ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አዞሩ። መብራቱ ግን እንደ ወትሮው ይበራል፣ ይጠፋል። እኔ አሳዘነኝ። መልስ የሚሰጠው ሰው አጥቶ እየጠራ ስለመሰለኝ፣ ሳያዩኝ ሹልክ ብዬ ሄጄ እጅ እነሣው ነበር።

ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴን ጠሯት።

"ያ አዳራሽ ደጁ ላይ ነዳይ አለ?"

እናቴ አፈረች። ፊት ለፊት በር ላይ አንድ እንግሊዛዊ ከነውሻው እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ ሲመጣ በጓሮ የምናስገባው እሱን ላለማሳየት እንደሆነ ነገረቻቸው።

"እሱን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት" አሉ።

የነሐሴ ሚካኤል እሁድ ዋለ። ዣንጥላው በዚያ ቀን ይገባል ተባለ። ሕንጻችን ሁለት ሊፍት ነበረው፤ አንዱ ሙሉ ቁጥር ፎቆች ላይ ይቆማል፣ ሌላው ጎዶሎዎቹ ላይ። አንዱ ሲበላሽ አንድ ፎቅ በእግር ተሂዶ በሌላው ይወረዳል። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሁለቱም ቆሙ። አባቴ ሪፖርት እንዳደረገ፣ ሰኞ እንደሚመጡ ነገራቸው። ሚካኤል በየወሩ ነው፣ አሥራ ሁለት ሲመጣ እንሄዳለን አላቸው።

"ለእኔም በየወሩ ይመጣል ያለህ ማነው?" አሉት።

ነጠላቸውን አጣፉ። ዣንጥላውን ለእናቴ አስያዟት፤ በአንድ እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ብረት፣ በሌላው የአባቴን ትከሻ ያዙ። ፍልሰታ ነበር፤ እየጾሙ ነው። አንዲት እግር ያወርዳሉ፣ ሌላዋን ያስከትላሉ፣ ይቆማሉ። ከቆሙበት ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በቀሚሳቸው ላይ ይታያል። ደረጃው መስኮት የለውም፤ በየፎቁ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቁጥር በቀለም ተጽፏል። ያ ቁጥር ለእኔ የዕድሜ ቁጥር ነበር፤ ሕንጻው ውስጥ ከፍ ያለ የሚኖር ትልቅ ሰው ነው። ስለዚህ እማማ ከአሥራ ስምንት ወደ አሥራ አምስት፣ ከዚያ ወደ አሥራ ሁለት ሲወርዱ ልጅ እየሆኑ መሰለኝ፤ ለምን ይበልጥ እንደሚደክማቸው አልገባኝም።

አሥራ አንደኛው ላይ የሚኖር ጃማይካዊ ሽማግሌ ድምፃችንን ሰምቶ በሩን ከፈተ፤ አየንና ወንበር ይዞ ወጣ። ተቀመጡ። ሲነሡ ወንበሩን ይዞ ተከተለን፤ በየማረፊያው ያኖርላቸዋል። እሱ በራሱ ቋንቋ ጉልበቱን እያሳየ ያወራል፤ እሳቸው በአማርኛ ይመርቁታል። ሁለቱም የተግባቡ ይመስሉ ነበር። ዝቅ ስንል አንዲት ቱርካዊት ሴት ውኃ አቀረበችላቸው፤ ጾም ላይ ስለሆኑ አልጠጡም፤ እንዳትቀየማቸው ግን ጣታቸውን ነክረው ግንባራቸውን አራሱበት። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ እኩያዬ ሆኑ፤ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ርጥብ ነበር፤ በጣም ቀዝቅዟል።

የሕንጻውን ቁመት ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

አዳራሹ ጋ ስንደርስ ቅዳሴው ወደ ማለቁ ነበር። እንግሊዛዊው ከነውሻው ደጁ ላይ ተቀምጧል። እማማ የሺ ፊቱን በቅርብ ሆነው ለማየት ጎንበስ አሉ፤ ሳንቲም ሰጡት፤ እሱም በእንግሊዝኛ መረቃቸው። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና የበሩን መቃን ተሳለሙ። ቄሱ ዣንጥላውን ተቀብለው ሲዘረጉት ጫፉ ኮርኒሱ ላይ ያለውን መብራት ነካው፤ ወርቃማው ዘርፍ በቴኒስ ጠረጴዛው ላይ ተወዛወዘ። በለንደን ከገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ ዝቅተኛው ጣሪያ ያ ነው። እማማ ቀና ብለው አዩትና "ደረሰ" አሉ።

በዚያ ቀን መውጣት አልቻሉም። አርችዌይ በሚባል ሰፈር ምድር ቤት የምትኖር የእናቴ ጓደኛ ዘንድ ከእኔ ጋር አደሩ፤ በጠዋት ራሳቸው በሩን ከፍተው የአትክልት ቦታው ላይ ሲቆሙ አየኋቸው፤ ደጋግመው መሬቱን በእግራቸው ይነኩታል። እዚህ ልቅር ብለው ጠይቀው ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እኛም ለቤት ለውጥ ትራንስፈር አፕላይ አድርገናል፣ በቅርቡ ታች እንወርዳለን ተባሉ። ሊፍቱ ተሠራ፤ ወጡ።

ደግመው የወረዱት በተከታዩ ብርድ ነው። ያን ጠዋት ሊፍቶቹ ሁለቱም ይሠሩ ነበር። ጥቁር ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው የሊፍቱን በር ለኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተኛ ሰው አይገባበትም። ሊፍት የተሠራው ለቆመ ሰው ነው። በደረጃው አወረዷቸው፤ አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ። አሥራ አንደኛው ላይ ጃማይካዊው በሩን ከፍቶ ወጣ። በልማድ ወንበሩን ይዟል። ማረፊያው ላይ አኖረውና ከጎኑ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

ባለፈው የካቲት የጠየቅኋቸው ሴት አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ወንበራቸው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከዚያ መስኮት የከተማው ረጃጅም ሕንጻዎች በሙሉ ይታያሉ፤ ልጆቻቸው እይታው ግሩም ነው፣ እናታችን አይሰለቻቸውም አሉኝ። ሴትዮዋን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወረዱ ጠየቅኋቸው። ልጆቻቸውን አዩ፤ ልጆቻቸው ስልካቸውን አዩ።

እናንተም ፎቅ ላይ የተቀመጠ ሰው አላችሁ፤ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት። ስለ እይታው አትንገሩኝ። አበባ አትላኩ፤ አትደውሉ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና፣ ሊፍቱ እየሠራ ሳለ፣ ዛሬ ሄዳችሁ አውርዷቸው።